እንጀራው ታክስ የለውም፣ ጀበናው አለው፦ አውሮራ ሱቅ ከፍቼ ስለ ሴልስ ታክስ የተማርኩት

እናቴ ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበራት። የምትከፍለው የቁርጥ ግብር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገቢዎች ትሄዳለች፣ የተቆረጠባትን እያጉረመረመች ትከፍላለች፣ ደረሰኙን ከንግድ ፈቃዱ ጎን ትሰቅላለች። ከዚያ በኋላ እስከሚመጣው ሐምሌ ድረስ ስለ ግብር የሚያነሳባት የለም።

እኔም እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ሱቅ ስከፍት የማውቀው ግብር ያ ብቻ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ደረሰኝ፣ በቃ። ጊዜው ሚያዝያ 2018 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሱቁ እንዴት እንደተከፈተ በማውራት አላሰለቻችሁም። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ ጥቂት የሀበሻ ልብስ ነበረን። ጥግ ላይ ደግሞ ሦስት ጠረጴዛና ትንሽ ኩሽና። ዛሬ የምጽፈው በደረሰኝ ግርጌ ስለምትታየው ስለዚያች አንዲት መስመር፣ ስለ ሴልስ ታክስ (ዕቃ ሲሸጥ ከገዢው ስለሚሰበሰበው የሽያጭ ታክስ) ነው። እኔን አምስት ሺህ ዶላር ገደማ እና ብዙ እንቅልፍ አስከፍላኛለች። ሱቅ የከፈታችሁ፣ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ወይም ደረሰኛችሁን እያያችሁ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» የምትሉ ሁሉ በእኔ ብትማሩ ደስ ይለኛል።

አሜሪካ አዲስ የገባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ልበል። አገር ቤት 15 በመቶው ቫት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠብቃችሁ። እዚህ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ባዶውን ነው፤ ታክሱ የሚጨመረው ሒሳብ ስትከፍሉ ነው። እኔ በገባሁ በሳምንቴ በእጄ 20 ዶላር ይዤ የ19 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብርድ ልብስ ልገዛ ሄጄ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ እያየኝ መልሼው ወጥቻለሁ። አውሮራ ውስጥ ከሆናችሁ የዋጋውን አንድ አሥረኛ በኪሳችሁ ጨምራችሁ ያዙ። ታክሱ ከዚያ ያንሳል፤ ካሸሯ ፊት ግን አታፍሩም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ካሽ ሬጅስተሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ሊገጥምልኝ መጥቶ «ታክሱን ስንት ላድርገው?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁና ዚፕ ኮዴን (የሰፈሬን የፖስታ ቁጥር) ጽፌ ፈለግኩ። 8 በመቶ የሚል መጣልኝ። «ስምንት አድርገው» አልኩት። ደስ እያለው ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቁልፍ ላይ 8 በመቶ አድርጎልኝ ሄደ። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ስህተት የነገሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በየሳምንቱ አምስት ፌስታል እንጀራ የሚወስዱ፣ ደረሰኝ ሳያነቡ የማይወጡ እናት። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ደረሰኙን አራቅ አድርገው ያዙና «የኔ ልጅ፣ እንጀራ ላይ ደግሞ ታክስ ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም፣ መንግሥት ነው» አልኳቸው።

«መንግሥት እዚያ ማዶ ያለው ትልቁ ሱቅ ውስጥ ዱቄት ስገዛ ታክስ አይወስድብኝም። አንቺ ጋ ሲደርስ ነው የሚርበው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ኮሎራዶ ቤት ተወስዶ ለሚበላ ምግብ የስቴት ሴልስ ታክስ አታስከፍልም። አውሮራም እንደዚሁ። እኔ ለሁለት ወር ያህል በእንጀራ፣ በጤፍ ዱቄት፣ በበርበሬና በምስር ላይ ታክስ ስሰበስብ ነበር።

«ታዲያ ትርፍ ከሰበሰብሽ ምን አለበት፣ ለአንቺ ነው የሚቀረው» ያለኝ ሰው ነበር። አይቀርም። በታክስ ስም ከሰው የተቀበላችሁት ገንዘብ ወይ ለገዢው ይመለሳል፣ ወይ ለመንግሥት ይገባል። የማውቃቸውን ደንበኞች እየጠራሁ መለስኩ፤ የማላውቃቸውን አስገባሁ። ለእማማ ስመልስላቸው ሳንቲሟን ሳትቀር ቆጠሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ እሑድ ሱቁን ዘግቼ እያንዳንዱን ዕቃ ለየሁ። እንደ እኔ ዓይነት ሱቅ ላላችሁ ይቺ እሑድ ወርቅ ናትና ዝርዝሩን ልንገራችሁ። እንጀራው በፌስታል ታስሮ ከወጣ ታክስ የለውም። ያው እንጀራ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ትኩስ ጥብስ ከፈሰሰበት ግን የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ታክስ አለው። ጥሬ ቡና የለውም፤ በጀበና ተፈልቶ በሲኒ ሲቀርብ አለው። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ነጠላው፣ እጣኑ ምግብ ስላልሆኑ ሁሉም አላቸው። ኮሎራዶ ከግንቦት 2010 ጀምሮ ጣፋጭ የተጨመረባቸውን ለስላሳ መጠጦችና ከረሜላን ከምግቡ ተርታ አውጥታ ታክስ ታስከፍልባቸዋለች። ስለዚህ ኮካው ይከፍላል። አምቦ ውሃም ስኳር ባይኖረው ይከፍላል፤ የታሸገ ጋዝ ያለው ውሃ በስቴቱ ሕግ ከምግብ ተርታ አይቆጠርም። ከሁሉም የገረመኝ የከረሜላው ነው። በስቴቱ ሕግ ዱቄት ያለበት ነገር ከረሜላ አይባልም። ስለዚህ ደረቅ ቸኮሌት ታክስ አለው፤ ውስጡ ብስኩት ያለው ኪትካት ግን ምግብ ሆኖ ያልፋል። ይህን ለወንድሜ ስነግረው እየቀለድኩ መስሎት ነበር። ከተማው የራሱ ሕግ ስላለው ደግሞ እንዲህ ዓይነቶቹን ዕቃዎች ከከተማው መመሪያ ጋርም ለየብቻ አስተያዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በፉድ ስታምፕ ካርድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ምግብ እንዲገዙበት በሚሰጠው) የሚከፈል ዕቃ ላይ ታክስ አይወሰድም። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በሁሉም ስቴት ይሠራል። ከረሜላም ቢሆን በዚያ ካርድ ከተከፈለ ታክሱ ይወርዳል። ማሽናችሁ ይህን እንደሚያውቅ አንድ ቀን ራሳችሁ ሞክራችሁ አረጋግጡ። የእኔ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ።

ለስቴቱ ፈቃድ ሳወጣ በየወሩ ማሳወቅ እንዳለብኝ፣ ቀኑም የሚቀጥለው ወር 20ኛው ቀን እንደሆነ ነግረውኛል። ይህን በደንብ ያዝኩ። በየወሩ የስቴቱን ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ የጠየቀኝን እከፍላለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉ። እኔ ከሰው የምሰበስበው 8 በመቶ ነው። ቅጹ የሚጠይቀኝ 4.25 በመቶ ብቻ። ታክስ ያለው ሽያጬ በወር በአማካይ 9 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ በየወሩ 337 ዶላር ከ50 አካውንቴ ውስጥ ይቀራል። እኔ ይህን ምን ብዬ እንደተረጎምኩት ታውቃላችሁ? ትርፍ! ሱቁ ከጠበቅኩት በላይ እየሄደልኝ ነው ብዬ ለእናቴ በስልክ ነግሬያታለሁ። ዕቁብም ገባሁበት።

ማንም ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት ነገር ይህ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሴልስ ታክስ የሚባለው አንድ ታክስ አይደለም። የብዙ መሥሪያ ቤቶች መዋጮ ነው፤ ልክ እንደ ዕድር። የሱቄን ሰፈር ልውሰድ። 100 ዶላር ጀበናና ሲኒ ብትገዙ ለስቴቱ 2.90 ይሄዳል፤ ይህ ቁጥር ከ2001 ጀምሮ አልተቀየረም። ለአውቶቡሱና ለባቡሩ 1 ዶላር። ሙዚየሙን፣ የአራዊት ማቆያውን የመሳሰሉትን ለሚደግፈው የባህልና ሳይንስ ቋት 10 ሳንቲም። ለካውንቲው (ከስቴቱ በታች ላለው አስተዳደር) 75 ሳንቲም። ለአውሮራ ከተማ 3.75። ሲደመር 8.50። አዎ፣ 8.50 ነው እንጂ 8 አይደለም፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

ከእነዚህ ውስጥ የስቴቱን፣ የትራንስፖርቱን፣ የባህሉንና የካውንቲውን ስቴቱ ራሱ በአንድ ቅጽ ይሰበስባል። አውሮራን የመሳሰሉ ራስ ገዝ ከተሞች ግን የራሳቸው ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) አላቸውና የራሳቸውን ታክስ ራሳቸው ይሰበስባሉ። የራሳቸው ፈቃድ፣ የራሳቸው ቅጽ፣ የራሳቸው ኦዲተር አላቸው። ኮሎራዶ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ከተማ በደርዘኖች ይቆጠራል። እኔ ለአሥራ አንድ ወር የከተማውን ድርሻ ከሰው ስሰበስብ ቆይቼ ለከተማው አንዲት ሳንቲም አላስገባሁም።

ደብዳቤው የመጣው መጋቢት 2019 ነው። ትህትና የተሞላበት ደብዳቤ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። 337 ከ50 ሲባዛ በአሥራ አንድ፣ 3,712 ዶላር ከ50። ከዚያ ላይ ቅጣትና ወለድ። አካውንቴን ስከፍት 900 ዶላር አለ። ቀሪው ገንዘብ የት ገባ? ዕቁብ ጋ ነው ያለው። የእኔ ዕጣ ደግሞ ገና አልወጣም።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። እኛ ሀበሾች አደራ የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። ሰው አደራ ያስቀመጠብንን ብር ልጆቻችን ቢራቡ አንነካም። የአሜሪካ ሕግም ሴልስ ታክስን የሚያየው እንደዚያው ነው። ከገዢው ተቀብላችሁ ለመንግሥት እስክታደርሱት በእጃችሁ ያለ የአደራ ገንዘብ ነው። የገቢ ግብር ላይ «አላተረፍኩም» ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ስላላተረፋችሁ አይቀርላችሁም፣ ገንዘቡ መጀመሪያም የእናንተ አልነበረምና። ይህን ቀድሞ አንድ ሰው «አደራ ነው» ብሎ በአማርኛ ቢነግረኝ ኖሮ ዕቁብ ውስጥ አልጨምረውም ነበር።

ሁለት ሳምንት ደብዳቤውን ለማንም አላሳየሁም። ኩሽና ውስጥ ከጨው ዕቃው ሥር ደብቄው እየዞርኩ አየዋለሁ። ይህ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ ወለዱ ጨው ሥር ሆኖም ይቆጥራል። በመጨረሻ ወንድሜ አገኘው። አልተቆጣኝም። ሒሳብ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ጋ ይዞኝ ሄደ።

ጋሼ ደብዳቤውን አነበቡ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ሱቅሽ ከኮልፋክስ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ምን ለውጥ አለው?» አልኩ።

«ሰሜኑ ነው ደቡቡ? መልሺልኝ።»

«ሰሜኑ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ካውንቲሽም ስህተት ነው።»

አውሮራን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ኮልፋክስ ረጅም ጎዳና ነው። በእኛ በኩል ሲያልፍ የሁለት ካውንቲዎች ድንበር ይሆናል። ደቡቡ አራፓሆ ካውንቲ ነው፤ የካውንቲው ታክስ 0.25 በመቶ። ሰሜኑ አዳምስ ካውንቲ ነው፤ 0.75 በመቶ። ከተማው አንድ፣ ዚፕ ኮዱም ሊመሳሰል ይችላል። ግን ከመንገዱ ማዶ 8 በመቶ የሚከፈልበት ጀበና እኔ ጋ 8.50 ነው። በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ዮሰሚቲ የሚባለውን መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ ዴንቨር ገባችሁ፤ ሌላ ቁጥር። ዚፕ ኮድ የተሠራው ለፖስታ እንጂ ለታክስ አይደለም። እኔ በዚፕ ኮድ ፈልጌ የማዶውን ሰፈር ታክስ ስሰበስብ ኖርኩ።

ግማሽ በመቶ ምን ትጎዳለች ትሉ ይሆናል። 9 ሺህ ላይ 45 ዶላር ናት። በአሥራ አንድ ወር 495። ይህንን ደግሞ ከማንም አልሰበሰብኩትም፤ ከዓመት በፊት ጥብስ የበላ ሰው ጋ ሄጄ «ሳንቲም ቀርቶብሃል» ልለው አልችልም። ከኪሴ ወጣ። ምክሬ አጭር ናት፦ በሙሉ አድራሻ ፈልጉ፤ የቤት ቁጥር፣ መንገድ፣ ከተማ። ኮሎራዶ ከ2020 ወዲህ በአድራሻ የሚፈለግበት የራሷ የኢንተርኔት ሲስተም አላት። ያንን ተጠቅማችሁ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ ስቴቱ እናንተን ተጠያቂ አያደርግም። የፈለጋችሁበትን ገጽ ከነቀኑ አትማችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። በዚያው ሲስተም የብዙ ራስ ገዝ ከተሞችንም ታክስ ማሳወቅ ይቻላል፤ የእናንተ ከተማ መግባት አለመግባቱን ግን ቀድማችሁ እዩ።

ጋሼ የሰርግ ሥራዎቼንም ጠየቁኝ። አንዴ ዴንቨር ውስጥ ላለ አዳራሽ የ3 ሺህ ዶላር ምግብ አድርሼ ነበር። ታክሱን ስምንት በመቶ ተቀብያለሁ። የሚገርመው ድምሩ ልክ ነበር፤ ዴንቨር ለተዘጋጀ ምግብ የራሷን 4 በመቶ ነው የምትወስደው፣ ከስቴቱና ከሌሎቹ 4 በመቶ ጋር 8 ይመጣል። ችግሩ የገንዘቡ ባለቤት ነው። ዕቃ ስታደርሱ ሽያጩ የተፈጸመው ዕቃው በደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ 120 ዶላሩ የዴንቨር ነበር፣ እኔ ደግሞ የዴንቨር ፈቃድ የለኝም። አሁን ከከተማ ውጭ ትዕዛዝ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «አዳራሹ የት ነው?» ነው፤ የሰው ብዛት ሁለተኛ ነው። ቁጥሩም በየጊዜው ይለወጣል። ለሌላ ዕቃ የዴንቨር ጠቅላላ ታክስ ሱቅ በከፈትኩበት ዓመት 7.65 ነበር፤ በ2019 8.31፣ በ2021 8.81፣ በ2025 ደግሞ 9.15 ሆነ። በጥርና በሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቁጥራችሁን አዲስ እንደሆናችሁ ቆጥራችሁ እንደገና ፈልጉ።

ጋሼ ያረሙኝ ሌላው ነገር ሒሳቡ ራሱ ነው። አንድ ሳምንት ማሽኑ ተበላሽቶብኝ የተቀበልኩትን ጥቅል ገንዘብ ብቻ ደብተር ላይ ጽፌ ነበር። በምሳሌ ላስረዳችሁ። ታክስን ጨምሮ 1,085 ዶላር ተቀበላችሁ እንበል። እኔ 1,085ን በ8.5 በመቶ አባዝቼ 92 ዶላር ከ23 ታክስ አወጣሁለት። ስህተት ነው፤ ታክሱ ላይ ታክስ እያሰብኩ ነበር። ትክክለኛው 1,085ን ለ1.085 ማካፈል ነው። 1,000 ይመጣል፤ ታክሱ 85 ነው። ታክስ ለመጨመር ማባዛት፣ ታክስ ለማውጣት ማካፈል። ይህን ካሽ ሬጅስተሩ ጎን በወረቀት ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ቅናሽስ? ራሳችሁ ከዋጋው ላይ ከቀነሳችሁ ታክሱ በቀረው ላይ ነው። ገዢው ከፋብሪካው የተቆረጠ ኩፖን ካመጣ ግን ፋብሪካው ስለሚተካላችሁ ታክሱ ከኩፖኑ በፊት ባለው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ስትገዙም ይህንን እወቁ፤ «ሁለት ዶላር ቀንሰውልኝ ታክሱን ለምን አልቀነሱም» ብላችሁ ካሸሯን አታስጨንቋት።

ከጅምላ ሻጭ ለመሸጥ የምትገዙት ዕቃ ላይ ታክስ መክፈል የለባችሁም፤ ፈቃዳችሁን ታሳያላችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ ጀበናዎቹን ስገዛም ታክስ ከፍያለሁ። ግን ወደ ሌላኛው ጫፍም አትሂዱ። ለኩሽናው የገዛሁትን ፍሪጅ «ለሱቅ ነው» ብዬ ያለ ታክስ ወስጄ ነበር። ፍሪጁን ልሸጠው አይደለም፣ ልጠቀምበት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዩዝ ታክስ የሚባል አለው፤ ራሳችሁ አስባችሁ ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው አሉኝ ጋሼ።

ገንዘቡን እንዴት ከፈልኩ? መጀመሪያ እኔው ደወልኩ። ይህ ነው ነገሩን የለወጠው። ከተማው ዳግመኛ እስኪጠይቀኝ አልጠበቅኩም፤ የስቴቱንም ስህተት ጭምር አስተካክዬ አቀረብኩ። ስቴቱ ዘግይቶ ለሚከፈል ታክስ 10 በመቶ፣ በየወሩም ግማሽ በመቶ እየጨመረ እስከ 18 በመቶ ቅጣት አለው፤ ወለዱ ለብቻ ነው። በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ። ቀሪውን ያወጣችልኝ ዕቁባችን ውስጥ ያለች አንዲት እህት ናት። የእሷ ዕጣ ወጥቶ ነበር። ለዳኛው ነግራ ተራዋን ለእኔ ለወጠችልኝ። «የአደራ ገንዘብ መሆኑን አውቀሽ አላደረግሽው» ብቻ ነው ያለችኝ። እስካሁን ድረስ የፋሲካ ዶሮዋን እኔ ነኝ የምገዛላት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሁለተኛ የባንክ አካውንት ከፍቻለሁ። ካርዱን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ሱቁን እንደዘጋሁ ማሽኑ «ታክስ» ብሎ ያወጣውን ቁጥር ወደዚያ አስተላልፋለሁ፤ ሻሽ ሳልፈታ። ወር በገባ በ10 ለስቴቱም ለከተማውም አስገባለሁ፤ 20ን አልጠብቅም። ሱቁ ተዘግቶ የከረመበት ወር ቢኖርም ዜሮ ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ዝም ካላችሁ እነሱ ገምተው ይልኩላችኋል፣ ግምታቸው ደግሞ ለጋስ ነው። ደረሰኞችን ቢያንስ ሦስት ዓመት አስቀምጡ። ጭራሽ ላላሳወቃችሁበት ወር ግን የሦስት ዓመቱ ገደብ አይሠራላችሁም።

ሱቅ ለሌላችሁ ስለ መኪና አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ ታክሱ ያነሰበት ከተማ ሄዶ መኪና ሊገዛ አስቦ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ የመኪና ታክስ የሚታሰበው በምትኖሩበት አድራሻ ነው፤ ሻጩ የትም ይሁን። በሌላ በኩል አሮጌ መኪናችሁን ለሻጩ በለውጥ ከሰጣችሁ ታክሱ በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። 20 ሺህ ዶላር መኪና ላይ የ6 ሺህ አሮጌ ከሰጣችሁ በ14 ሺህው ላይ ትከፍላላችሁ። በ8.5 በመቶ 510 ዶላር ተረፋችሁ ማለት ነው።

ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ የእኔን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ 6 በመቶ በመላው ስቴት፣ የካውንቲ ጭማሪ የለም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ስትገቡም 6 በመቶ ነው፤ ግን የቤት ምግብ ላይ 1 በመቶ አለ፣ ሬስቶራንት ላይ ደግሞ እንደ አሌክሳንድሪያ ያሉ ከተሞች የራሳቸውን ይጨምራሉ። አትላንታ ያላችሁ፣ ጆርጂያ የቤት ምግብን ከስቴቱ ታክስ ነፃ ብታደርግም የአካባቢው ታክስ ይቀራል። ሚኒሶታ ልብስ ታክስ የለውም፤ እዚያ ያለችው እህቴ የሀበሻ ቀሚስ ስትሸጥ እኔ እቀናለሁ። ዳላስ 8.25 ነው። ኦሪገን ምንም የለም።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሱቅ መጣ። እንጀራ ቤት ሊከፍት ነው፤ ቦታውን ተከራይቷል፣ ማሽኑንም ገዝቷል። ቡና አፈላሁለት። እማማ ያንጊዜ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ደረሰኛቸውን ያነባሉ።

«እትዬ፣ ታክሱን ስንት ላድርገው?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እማማ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ቆይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ከኮልፋክስ ወዲህ ነህ ወዲያ?»